ቢላዋን የሚቀድም ሕክምና

ስለ ቀዶ ሕክምና ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቁት የሐኪሙን እጅና የመሣሪያውን ስለት ነው። በሽተኛው ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ከመግባቱ በፊት ስለሚያሳልፋቸው ሳምንታት የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን የፊስቱላ ሕክምና ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ የድሉ ትልቅ ክፍል የተገኘው በእነዚያ ሳምንታት ነው።

በላስታ ተራሮችም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል፣ ከሐኪም ርቃ የምትወልድ እናት ምጥ ለቀናት ሲጸናባት፣ የሕፃኑ ራስ አካሏን ተጭኖ ደም እንዳይዘዋወር ያግዳል። ከዚህም የተነሣ በፊኛዋ ወይም በትልቁ አንጀቷ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሕፃኑም ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። መዘዙ ግን በዚህ አያበቃም። ሽንቷ ያለማቋረጥ ስለሚፈስ ውሃ መጠጣት ትቀንሳለች፤ ከሰው ርቃ ተኰራምታ ስትተኛ ጉልበቷ ደርቆ አልዘረጋ ይላል፤ ነርቧ የተጎዳ እንደሆነም እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች። የምግብ እጥረት፣ የደም ማነስ፣ የቆዳ ቁስልና ኀዘን በላዩ ይጨመራሉ።

ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ ያገኙአቸው ሴቶች እንደነዚህ ያሉት ነበሩ። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ።

ቀዳዳውን የመድፈን ጥበብ በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በፊት ታውቆ ነበር፤ ነገር ግን ጥበቡ ብቻውን አይበቃም። ደም ያነሳትና የከሳች ሴት ማደንዘዣውንና የደሙን መፍሰስ መቋቋም ይከብዳታል፤ የተሰፋውም ሥጋ ቶሎ አይገጥምላትም፤ እግሯ ካልተዘረጋም ሐኪሙ ቁስሉን እንደ ልብ አያገኘውም። ስለዚህ በሆስፒታሉ የደከመችውን ይመግባሉ፤ ደም ያነሳትን፣ ወባ ወይም የአንጀት ትል ያለባትን ያክማሉ፤ የደረቀውን እግር በየቀኑ እያንቀሳቀሱ ያቃናሉ። ይህም ለአንዳንዷ ሳምንታት፣ ለአንዳንዷም ወራት ይፈጃል። ከዳኑት ሴቶች ብዙዎቹ ረዳት ነርሶች ሆነው፣ ትናንት የደረሰባቸውን መከራ ዛሬ በሌላዋ ላይ እያዩ ያስታምማሉ።

ይህን ትዕግሥት የሚጠይቅ ትልቅ ምክንያት አለ። ቀዳዳው ለመዳን ከሁሉ የተሻለ ዕድል የሚያገኘው በመጀመሪያው ስፌት ነው። በችኰላ ተሰፍቶ ከተከፈተ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ያስቸግራል።

ከላሊበላ የሚወርደው መንገድ ጋሸና ላይ ከወልድያ–ወረታ መንገድ ጋር ይገናኛል። የሃምሊን ማዕከል በ2005 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከተከፈተ ወዲህ፣ ከዚህ የምትነሣ በሽተኛ ወደ ምዕራብ ብትታጠፍ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀርባታል። ዶክተር ካትሪን በ2020 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የተከሉት ሥራ ግን ቀጥሏል።

እንግዲህ የቀዶ ሕክምና ቀን መቁረጥ አንድ ነገር ነው፤ በሽተኛዋን ለዚያ ቀን ማድረስ ግን ሌላ ነው። የመላኪያ ወረቀት ፈርሞ ማሰናበት ግዴታን መፈጸም አይደለም። ምግቡ፣ የደም ማነስ መድኃኒቱና የእግር እንቅስቃሴው ገና በቀበሌዋ ሳለች ሊጀመርላት ይችላል። መምህሩም ደዌው እርግማን ሳይሆን የሚታከም ጉዳት መሆኑን ለመንደሩ ሊያስረዳ ይገባዋል። ሐኪሙ የሚሰፋው አንድ ቀን ነው፤ ስፌቱን የሚያጸናው ግን አስቀድሞ የተደረገላት እንክብካቤ ነውና።