ዘንዶ በመስቀል ሰሞን

ሰውየው ጋሪ ላይ ነው። እጁ የፊጥኝ ባይሆንም በገመድ ጠብቆ ታስሯል። ጋሪው ጥድ በሞላበት ቁልቁለት እየተንገጫገጨ ይወርዳል። አብረውት የታሰሩ አሉ፤ አንደኛው ንጉሥ ገድለሃል የተባለ የዐመፅ መሪ ነው፣ አፉን በጨርቅ ለጉመውታል። ሌላው ተራ የፈረስ ሌባ ነው፤ «እኔ ከእነዚህ ጋር የለሁበትም» እያለ ይማጸናል። ሄልገን ከምትባል በግንብ የታጠረች ከተማ ገቡ። ባለመጥረቢያው ቆሞ ይጠብቃል። ስም እየተጠራ ነው። ሌባው ሊያመልጥ ሮጠ፤ ቀስት ከኋላ ደርሶ ጣለው። ቀጥሎ የእኛ ሰው ተራ ሆነ፤ ስሙ ግን መዝገቡ ላይ የለም። ጸሐፊው ግራ ገብቶት አለቃውን ጠየቀ። ሴትዮዋ የጦር አለቃ «መዝገቡን ተወው፤ ወደ ግንዱ ይሂድ» አለች። አንገቱን ግንዱ ላይ አስተኙት፤ መጥረቢያው ከፍ አለ፤ በዚያች ቅጽበት ከሰማይ ጥቁር ዘንዶ ወረደ።

«አቁም!» አለች እናቴ።

ይህ ሁሉ የሆነው ወልቂጤ፣ ሳሎናችን ውስጥ ነው። መስቀል ነው፤ ከመርካቶ የመጣው ዘመድ ሁሉ ክትፎውን በቆጮ በልቶ፣ ቡናውን እየጠበቀ ተቀምጧል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማረው የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ አገናኝቶ «ጋሼ፣ አንድ ጌም ላሳይዎት» ብሎ ያስጀመረኝ ነው። ጌሙ ስካይሪም ይባላል። አሜሪካ የሚገኘው ቤተስዳ በቶድ ሃዋርድ መሪነት ሠርቶ ኅዳር 1 ቀን 2004 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣው ነው፤ የልጁ ዩኒቨርሲቲም ማስተማር የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል።

እናቴን ያስቆማት ዘንዶው አልነበረም። «ሰውየው ምን አጥፍቶ ነው?» ብላ ጠየቀች። ልጁም «ጌሙ አይናገርም፣ አያቴ። ድንበር ሲሻገር ተያዘ ነው የሚሉት» አላት። «ስሙ ያልተጻፈ ሰው? ሽማግሌ ሳይሰማው?» የጉራጌ ሽማግሌዎች የጆካ ሸንጎ ሲቀመጥ እያየች ያደገች ሴት ናት። በቂጫ፣ በባህላዊው ሕጋችን፣ ነገር የሚቆረጠው ከሳሽም ተከሳሽም በየተራ ተናግሮ፣ ሽማግሌው አገላብጦ ሰምቶ ነው። ሳሎኑ ሁለት ሆነ። ዘንዶው ከተማውን ሊያቃጥል ሲል እኛ ስለ ሰውየው መብት ተከራከርን። ልጁም ጌሙን አቁሞ ጠበቀን፤ ይህን ትዕግሥቱን ወድጄለታለሁ።

እኔ ጌም ሲባል የማውቀው ሌላ ነው። በወልቂጤም በቡታጅራም መንገድ ዳር ያሉትን የፕሌስቴሽን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። በሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ አግዳሚ ወንበር፣ ከተቀመጡት የቆሙት ይበዛሉ። የሚጫወቱት ኳስ ነው። ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፤ ከኋላው ያለው ተረኛ ደግሞ «ቶሎ በል!» ይላል። ደስ የሚል ጫጫታ ነው። ግን ሰዓት አለበት፣ ባላጋራ አለበት፣ ከአራት ማዕዘኑ ሜዳ መውጣት የለም።

አሁን ግን ከሚቃጠለው ከተማ በዋሻ ሾልከን ወጣን። ብርሃን ተከፈተ። ከፊታችን ሸለቆ፣ ከሸለቆው በታች ወንዝ፣ ማዶ በረዶ የለበሰ ተራራ። ጆይስቲኩን ያዝኩና «ወዴት ነው የምሄደው?» አልኩት።

«ወደፈለጉበት፣ ጋሼ።»

«ተልእኮው የት ነው?»

«ተልእኮውማ ወንዙ ዳር ካለው መንደር ነው፤ ዛሬ ካልሄዱ ግን ማንም አይቆጣዎትም።»

ይህን ቃል በቀላሉ አትለፉት። እኔ ገበያ ውዬ፣ በሰው ሰዓት ተነሥቼ፣ በሰው ሰዓት የምተኛ ሰው ነኝ። ማንም የማይጠብቀኝ መንገድ ሲሰጠኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ወንዙን ተከትዬ ወረድኩ። ቢራቢሮ ነበር፣ ያዝኩት። አበባ ነበር፣ ቀጠፍኩት። ዓሣ ፏፏቴውን ሽቅብ ሲዘል ቆሜ አየሁ። ተኩላ መጣብኝ፤ ሳሎኑ በሙሉ ጮኸ፤ እንደምንም ገደልኩት። ከዚያ ያንን በረዷማ ተራራ ዐይኔ አልለቀው አለ። «እዚያ መውጣት ይቻላል?» አልኩ። ልጁ ሳቀ። «ሰባት ሺህ ደረጃ ነው የሚባለው። ጫፉ አጠገብ ዝም ያሉ መነኮሳት አሉ፤ ድምፃቸው ተራራ ያናውጣል።»

ቡታጅራ ተወልዶ ያደገ ሰው ተራራን ከሩቅ እያዩ መኖርን ያውቀዋል። ጠዋት በሩን ሲከፍት ዘቢዳር ከፊቱ ነው፤ ከ3,600 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ የወጣ፣ ደመና የሚጠመጠምበት ተራራ። ስንቱ ልጅ ነው ዕድሜውን ሙሉ ሲያየው ኖሮ አንድም ቀን ያልወጣው? ስካይሪም የሰጠኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው እላለሁ፦ በሩቅ የሚታየው ተራራ ሥዕል አይደለም፤ እግርህ ይደርስበታል።

ትንሽ እንደሄድን መንገድ ዳር ሦስት ድንጋዮች ቆመው አገኘን። ረጃጅም ናቸው፣ ምስል ተቀርጾባቸዋል፤ አንዱ የጦረኛ፣ አንዱ የአስማተኛ፣ አንዱ የሌባ። ስትነካቸው ብርሃን ወጥቶ በረከት ይሰጡሃል። እዚህ ጋ አጎቴ ከወንበሩ ተነሣ። «ጢያ ነው እንዴ?» አለ።

አልተሳሳተም። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስትመጡ ሶዶ ውስጥ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፣ ከሥራቸው መቃብር አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። አውቶቡሱ በአጠገባቸው ሲያልፍ ተሳፋሪው ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ ጥቂት ነው። በጌሙ ግን በእውን የሌለ ድንጋይ ለማየት አምስት ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ ተደፋ። ይህ ያስቆጨኛል፤ ቁጭቴ ግን በጌሙ ላይ አይደለም።

ጌሙ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ልጁ ከጎኔ ተቀምጦ ያስተረጉማል፤ ለአንጥረኛው ድምፁን ያወፍራል፣ ለባለሱቋ ያቀጥናል፣ ቀልዱ ሲመጣ በጉራግኛ ይጨምርበታል። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ማንም የእኔን ጣት አያይም ነበር፤ ሁሉም እሱን ነው የሚሰማው።

ማታ ላይ ሌላ ክርክር ተነሣ። በጌሙ፣ መንደር ውስጥ ሰው ብትመታ 40 ወርቅ፣ ሰው ብትገድል 1,000 ወርቅ ይጻፍብሃል፤ ለዘበኛው ከከፈልክ ነገሩ አለቀ። እናቴ ይህን ስትሰማ «የሟች ወገንስ?» አለች። ደም በገንዘብ ብቻ አይደርቅም፤ ሽማግሌ ይገባበታል፣ ካሳ አለ፣ እርቅ አለ፣ ሁለቱ ቤተሰብ አብሮ እስኪበላ ድረስ ነገሩ አላለቀም። ልጁ ዝም ብሎ ሰማትና ደብተሩን አወጣ። እንዲህ ያለ ሕግ ያለው ጌም አላየም፣ መጫወት ግን ይፈልጋል።

ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። የካሜሩኖቹ ኪሮኦ ጌምስ ከያውንዴ ሆነው አፍሪካዊ ምናብ ያለውን አውሪዮን የተባለ ጌም እ.ኤ.አ. በ2016 ለዓለም አውጥተዋል። በአገራችንም ቀኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለውን ጌም ሠርቶ ዶሮ በስልካችን ላይ አስሩጧል። ስካይሪምን ያህል ዓለም ለመሥራት ብዙ ባለሙያና ብዙ ዓመት ይጠይቃል፤ አንድ መንደር ለመሥራት ግን ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ መብራት ካልጠፋ።

ልጁም ከቡታጅራ ጓደኞቹ ጋር ጀምሯል። በመጀመሪያ የሠሩት ጀፎረን ነው፤ ግራና ቀኝ የሣር ቤቶች፣ ከኋላቸው እንሰት፣ መካከሉ ሰፊ አረንጓዴ መንገድ። ስፋቱ ላይ ተጣሉ። አንዱ ሰፊ መንገድ ኮምፒውተሩን ያከብደዋል አለ፤ ሌላው ጠባብ ከሆነ ጀፎረ አይባልም አለ። እናቴ ጋ ደወሉ። «ፈረስ የሚጋልብበት፣ ለቅሶና ሠርግ አንድ ቀን ቢገጥሙ ሁለቱም የሚያልፉበት ይሁን፤ ከእሱ ላይ ቆርሶ የሚያጥር ሰው ካለ ደግሞ ሽማግሌ ይጠራው» አለቻቸው። ልጆቹ አጥሩን ወደ ኋላ ገፉት። አሁን እየሠሩ ያሉት ሽማግሌዎቹን ነው።