ሳይጠሩ የቀሩ አሸናፊዎች

እ.ኤ.አ. በ1951 የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ዘጠኝ ጊዜ ተጫውቶ ዘጠኙንም አሸነፈ። አቻ የወጣበት ጨዋታ እንኳ የለም። እንዲያም ሆኖ በዓመቱ መጨረሻ ወደ አንድም የክብር ግጥሚያ አልተጠራም፤ ብዙ ሳይቆይም ቡድኑ ራሱ ፈረሰ። የስፖርት መዝገብ የሚነግረን ይህን ያህል ነው። ለምን እንዳልተጠራ ግን መዝገቡ ላይ የለም።

አሜሪካ የምንኖር ብዙዎቻችን ይህን ጨዋታ በቴሌቪዥን በጨረፍታ ከማየት ያለፈ ትውውቅ ስለሌለን፣ አንድ ነገር አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የኮሌጅ ፉትቦል የውድድር ዘመን የሚያበቃው ነጥብ ተደምሮ ዋንጫ በመስጠት አልነበረም። በአዲስ ዓመት አካባቢ «ቦውል» የሚባሉ ግጥሚያዎች ይዘጋጁ ነበር። ከታወቁት መካከል የማያሚው ኦሬንጅ ቦውል፣ የኒው ኦርሊንሱ ሹገር ቦውልና የጃክሰንቪሉ ጌተር ቦውል ይገኛሉ፤ ሦስቱም የደቡብ ከተሞች ናቸው። ማን እንደሚጫወት የሚመርጡት አዘጋጆቹ ነበሩ። የተጠራ ዩኒቨርሲቲ ክብርም ገንዘብም ያገኛል፤ ያልተጠራ ግን የሚጠይቅበት ሕግ የለውም።

የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ኢየሱሳውያን የሚያስተዳድሩት ትንሽ የካቶሊክ ተቋም ነበር። አሠልጣኙ ጆ ኩሃሪች ተጫዋቾቹን በካሊፎርኒያዋ ኮርኒንግ ከተማ የበጋ ሐሩር ውስጥ አስጨንቆ አዘጋጃቸው። ጂኖ ማርኬቲ የጣሊያን ስደተኞች ልጅ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ውስጥ ተዋግቶ የተመለሰ ወታደር ነበር። ቦብ ሴንት ክሌር እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ ያደገ ግዙፍ ወጣት ነው። ቡድኑን ለጋዜጦች የማስተዋወቅ ሥራ የያዘው ደግሞ ፒት ሮዜል የሚባል ወጣት ነበር። የቡድኑ ጥቁር ተጫዋቾች ሁለት ናቸው፤ ኦሊ ማትሰንና በርል ቶለር። ማትሰን የተወለደው ቴክሳስ፣ ቶለር ቴኔሲ ውስጥ ሜምፊስ ነው። ሁለቱም የደቡብ ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

ማትሰን በዚያ ዓመት ኳስ ይዞ 1,566 ያርድ በመሮጥ ከአገሪቱ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ቶለር በመከላከል መስመር ላይ ማንም በቀላሉ የማያልፈው ነበር። ቡድኑ ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ ፎርድሃምን 32 ለ26 አሸነፈ። በኅዳር ወር ጠንካራውን የፓስፊክ ኮሌጅ 47 ለ14 ረታ። የመጨረሻውን ጨዋታ ደግሞ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሎዮላን 20 ለ2 በማሸነፍ ዘጋ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የምናውቀው ከተጫዋቾቹ አንደበት ነው። በኋለኛ ዕድሜያቸው ደጋግመው እንደተናገሩት፣ ከደቡብ የመጣው መልእክት ቡድኑ ሊጠራ እንደሚችል፣ ማትሰንና ቶለር ግን እቤታቸው መቅረት እንዳለባቸው የሚያመለክት ነበር። መልሱ አጭር ነበር። ሁለቱ ካልሄዱ ማንም አይሄድም።

እዚህ ላይ የታሪክ ጸሐፊ ይቸገራል። እንዲህ ያለው ነገር ማኅተም ባለው ደብዳቤ አይላክም። ላለመጥራታቸው ሌላ ምክንያትም ይነገር ነበር፤ የገጠሟቸው ቡድኖች ደካሞች ናቸው የሚል። ይህ ከመሬት ተነሥቶ የተባለ አይደለም። ከዘጠኙ ጨዋታዎች ሁለቱ ከወታደራዊ ካምፕ ቡድኖች ጋር ነበሩ፤ ሳን ሆዜ ስቴትን ደግሞ በአንድ የውድድር ዘመን ሁለት ጊዜ ገጥመዋል። ታዲያ እውነተኛው ምክንያት የትኛው ነው?

መልሱን ለማግኘት ሰፋ አድርጎ ማየት ይረዳል። ከሰሜንና ከምዕራብ የሚመጣ ቡድን ከደቡብ ቡድን ጋር ሲጫወት ጥቁር ተጫዋቾቹን እንዲያስቀር የሚጠበቅበት ልማድ ነበር። ይህን ልማድ «የጨዋ ሰዎች ስምምነት» ይሉት ነበር። በ1940 ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሚዙሪን ለመግጠም ሲሄድ ሌናርድ ቤትስ የተባለውን ጥቁር ተጫዋቹን አስቀረ። ተማሪዎች «ቤትስ ይጫወት» ብለው ሰልፍ ወጡ፤ በዘመቻው የገፉ ሰባት ተማሪዎችም በማግሥቱ ዓመት ከትምህርት ታገዱ። በ1946 ደግሞ ፔን ስቴት ከማያሚ ዩኒቨርሲቲ ጋር የነበረውን ጨዋታ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾቹን አስቀርቶ ከሚሄድ ቢሰረዝ መረጠ፤ ተሰረዘም። ኦሬንጅ ቦውል ይካሄድ የነበረው በዚያችው ከተማ ነው።

በራሱ በ1951፣ ጥቅምት 20 ቀን፣ ኦክላሆማ ውስጥ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ይናገራል። የድሬክ ዩኒቨርሲቲው ጆኒ ብራይት ኳስ ሳይዝ በተጋጣሚ ተጫዋች ተመትቶ መንጋጋው ተሰበረ። ድርጊቱን በተከታታይ የሚያሳዩት የጋዜጣ ፎቶግራፎች የፑሊትዘር ሽልማት አግኝተዋል። ማስረጃው በፎቶግራፍ ተይዞ እንኳ በሜዳው ባለቤቶች በኩል ማንም አልተቀጣም፤ ድሬክም ተቆጥቶ ከውድድር ማኅበሩ ወጣ።

አሁን በዚያ ዓመት የተጠሩትን እንቁጠር። ኦሬንጅ ቦውል ጆርጂያ ቴክንና ቤይለርን፣ ሹገር ቦውል ሜሪላንድንና ቴኔሲን፣ ጌተር ቦውል ማያሚንና ክሌምሰንን ጠሩ። ስድስት ቡድኖች ናቸው። በስድስቱም ውስጥ አንድ ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። የደካማ ተጋጣሚው ምክንያት ለሳን ፍራንሲስኮ አለመጠራት በከፊል ሊሠራ ይችላል፤ ይህን ዝርዝር ግን አያስረዳም። የመገለሉ ደንብ በወረቀት ባይሰፍርም ውጤቱ በየዓመቱ ጋዜጣ ላይ ይታተም ነበር።

እምቢታው ያስከፈለው ዋጋም ቀላል አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው ፉትቦል በዕዳ ተዘፍቆ ነበር፤ የቦውል ገቢ ትንፋሽ ሊሰጠው ይችል ነበር። ገንዘቡ ሳይመጣ ሲቀር ዩኒቨርሲቲው ከዚያው የውድድር ዘመን በኋላ ቡድኑን ዘጋው። ኩሃሪች ወደ ፕሮፌሽናሉ ቺካጎ ካርዲናልስ ሄደ፤ ማትሰንም እዚያው ተከተለው። ገና አንድ ዓመት የሚቀረው ሴንት ክሌር ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ።

የማትሰን፣ የማርኬቲና የሴንት ክሌር ዝና ከዚያ በኋላ ጨመረ። ማትሰን በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በ4 በ400 ዱላ ቅብብል ብር አገኘ። ሦስቱም በፕሮፌሽናል ፉትቦል የክብር አዳራሽ ስማቸው ሰፍሯል። አራተኛው ሮዜል ነው፤ የፕሮፌሽናሉን ሊግ ከ1960 እስከ 1989 መርቷል።

የቶለር መንገድ ግን ሌላ ነበር። በ1952 በአንድ የኮከቦች ግጥሚያ ጉልበቱ ተጎዳና በፕሮፌሽናል ደረጃ ሳይጫወት ቀረ። መምህር ሆነ፤ ቆይቶም ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነ። በ1965 ደግሞ በፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ በ1980 የሱፐር ቦውልን ጨዋታ ከዳኙት አንዱ ነበር። በቆዳው ቀለም ከሜዳ እንዲቀር የታሰበው ሰው በዚያው ጨዋታ ላይ ፈራጅ ሆነ ማለት ነው።

ሹገር ቦውል ውስጥ ጥቁር ተጫዋች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በጥር 1956 ነው፤ የፒትስበርጉ ቦቢ ግሪየር። የጆርጂያ ገዢ ጨዋታው እንዳይካሄድ ሲሞግት፣ የጆርጂያ ቴክ ነጭ ተማሪዎች ገዢውን ተቃውመው አደባባይ ወጡ። የእነዚህ ተማሪዎች ሰልፍና የግሪየር ጨዋታ በታሪክ ተመዝግቧል፤ የሆነ ነገር ነውና ቀንና ውጤት አለው። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ ያደረጉት ግን አለመሄድ ነው። ያልተካሄደ ጨዋታ ውጤት የለውም፤ ዋንጫም ፎቶግራፍም አይተርፈውም። ታሪካቸው በሰፊው መነገር የጀመረው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ተጫዋቾቹ ሽማግሌዎች ከሆኑ በኋላ ነበር። ያን ጊዜም የሚያሳዩት ወረቀት አልነበራቸውም፤ ምስክሩ እነሱና ያ የስድስት ቡድኖች ዝርዝር ናቸው።