የጠገራ ብር ማደሪያ

ጅቡቲ፣ ሃያብለ፣ አንድ አዛውንት የሀገሬ ሰው ቤት ቡና ጠጥተን ስናበቃ ወፍራም አልበም አመጡልኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ስገልጥ ጣቴን አንዳች ነገር ያዘው። ኪሱ ውስጥ የዳግማዊ ምኒልክ ብር አለ፤ የአንበሳው ጎፈር ላይ አረንጓዴ ነገር ተጣብቆበታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ዝገት አይደለም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምንድን ነው ልጄ?»

ጉዳቱ የመጣው ከአልበሙ ነው። ለስላሳ የአልበም ኪስ ብዙ ጊዜ ከፒቪሲ ፕላስቲክ ይሠራል፤ ማለስለሻው ኬሚካል ውሎ አድሮ ያልብና ብሩን ይበላዋል። እንደ ጅቡቲ ያለ ሙቀትና የባሕር እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል።

ያ ብር 1887 ዓ.ም. ይላል። በፓሪስ ተመታ፤ ቅርጹን ያወጣው ፈረንሳዊው ዣን ላግራንዥ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ የሆነው ሕዝቡ ከለመደው ከማርትሬዛ ጠገራ ጋር እንዲስተካከል ታስቦ ነው። ባላገሩ ግን ማርትሬዛውን በቀላሉ አልተወም። በላዩ የተቀረጸችው ንግሥት የሞተችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1780፣ እስከ ዛሬ የሚታተምበትን ያን ብር ሲቀበል የዘውዷን ዕንቁዎች ይቆጥር፣ የትከሻዋን ጌጥ ያይ፣ የፈገገውን ይመልስ ነበር። ለእኔ ይህ የተሟላ የደረጃ ምዘና ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን ከ1 እስከ 70 የሚደርሰውን የሳንቲም ደረጃ መለኪያ ያወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ1949 ነበር፤ ሳንቲም መዝኖ በጠንካራ ፕላስቲክ የሚያሽገው ፒሲጂኤስ ሥራ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። የታሸገው ሣጥን ወፍራም ስለሆነ ተራ አልበም አይችለውም፤ ሰፋፊ ኪስ ያለው አልበም ያስፈልገዋል።

ለአዛውንቱ ብር መድኃኒቱ ንጹሕ አሴቶን ነው፦ መስኮት ከፍቶ፣ ከእሳት አርቆ መንከር፣ ሳይፈትጉ አውጥቶ ማድረቅ። በሎሚና በአመድ ማሸት ብሩን ያበራዋል፤ የላዩን ገጽ ግን ለዘለዓለም ይወስደዋል። ከዚያ የፖሊስተር ኪስ፣ እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ከረጢት፣ ሲያነሱትም ጠርዙን ብቻ መያዝ። የብር ጠላት ድኝ ስለሆነ የጎማ ላስቲክ አጠገቡ አይደርስም።

ቀጣዩ ገጽ የጅቡቲ ነበር፤ ሁለት ግመሎች ያሉበት 100 ፍራንክና ጀልባ ያለበት 20 ፍራንክ። እነዚህ ደህና ናቸው።

መጨረሻ ላይ አንድ ማርትሬዛ ወጣ፤ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። መዛኝ ድርጅት እንዲህ ላለው ንጹሕ ቁጥር አይሰጥም፤ «ጉዳት አለበት» ብሎ ይጽፍበታል። አዛውንቱ ግን የእናታቸው የአንገት ጌጥ እንደነበረ ነገሩኝ፤ ጀርባው ከደረት ጋር እየተፋተገ የንስሩ ላባ ሟሙቶ ለስልሷል። አዲሱ አልበም ሲመጣ የፊተኛውን ኪስ ለእሱ እንዲሰጡት ለመንኳቸው።