የሚገጥመው ሁሉ አይስማማም፦ የአርዱይኖ ጠቋሚ መብራቶችና ተቀጥላ ቦርዶች

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሁለት ተቋማት ውሕደት ነው። አንዱ በሶቪየት ኅብረት ትብብር እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ፣ ሌላው ከዩኔስኮና ከተመድ የልማት ፕሮግራም ጋር በተደረገ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የመምህራን ማሠልጠኛ ሲሆን፣ የኋለኛው ግቢ ዛሬም ፔዳ ይባላል። እዚህ የማነሣው ጉዳይ የሁለቱም ነው፤ መሣሪያው የፖሊ፣ መሣሪያውን ማንበብን ማስተማር የፔዳ።

አርዱይኖ ኡኖ በተባለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ የሚበሩት አራት ጥቃቅን መብራቶች ምን ያህል ይታመናሉ? እያንዳንዱ መብራት የሚመሰክረው ስለታሰረበት መስመር ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚሞላው የተመልካቹ ግምት ነው። «ኦን» 5 ቮልቱ መድረሱን እንጂ ፕሮግራሙ መሥራቱን አይናገርም። «ቲኤክስ» እና «አርኤክስ» በኡኖ ሦስተኛ እትም የተያያዙት ከዋናው ኤቲሜጋ328ፒ ሳይሆን ዩኤስቢውን ከሚያስተናግደው ሁለተኛ ቺፕ ጋር ነው። ስለዚህ ፒን 0 ላይ የተሰካ የብሉቱዝ ሞጁል መረጃ ሲልክ መብራቶቹ አይንቀሳቀሱም። ሲኤች340 ቺፕ ባለባቸው ርካሽ ቅጂዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከመስመሮቹ ጋር ይታሰራሉ፤ ስማቸው አንድ፣ ምስክርነታቸው ሌላ።

አስቸጋሪው ከፒን 13 ጋር የታሰረው «ኤል» ነው። ጀማሪ ሁሉ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን የሚሞክረው በእርሱ ነው፤ ይሁንና ያው ፒን የኤስፒአይ ሰዓት መስመርም ነው። የሜሞሪ ካርድ ሺልድ (ተቀጥላ ቦርድ) ከተሰካ «ኤል» ከተማሪው እጅ ይወጣል። ከዚህ የባሰም አለ። ሲሪያል ሞኒተሩ ሲከፈት ኡኖ ሪሴት ያደርጋል፤ ቡትሎደሩም ፒን 13ን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ፒኑ ላይ የውሃ ፓምፕ ሪሌይ ያሰረ ሰው ፓምፑ ሳይታዘዝ ሲነሣ ያያል፤ ጥፋቱን የሚፈልገው ግን ከኮዱ ውስጥ ነው።

የሺልዱ እግሮች ቀዳዳው ውስጥ መግባታቸው የመስማማት ማስረጃ አይደለም። ለኡኖ የተሠራ ሺልድ አርዱይኖ ሜጋ በተባለው ቦርድ ላይ ልክ ይቀመጣል፤ ኤስፒአይ ግን እዚያ ወደ ፒን 50፣ 51 እና 52 ሄዷል። ስድስት እግር ካለው መካከለኛ ማገናኛ መስመሩን የሚወስድ ሺልድ ይሠራል፤ ከ11 እስከ 13 ያሉትን የሚጠብቅ አይሠራም። አርዱይኖ ዱዌ ደግሞ በ3.3 ቮልት ስለሚሠራ 5 ቮልት የሚልክ ሺልድ ቺፑን ሊያበላሽ ይችላል። በሦስተኛው እትም የተጨመረው «አይኦሬፍ» ፒን የቦርዱን ቮልቴጅ ለሺልዱ የሚነግረው ለዚህ ነው።

በጣና ዳር የውሃ ከፍታ መዝግቦ በስልክ መልእክት የሚልክ መሣሪያ እናስብ። ሲም900 ሞጁል በሚልክባት ቅጽበት እስከ 2 አምፔር ሊስብ ይችላል፤ የኮምፒውተር ዩኤስቢ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ገደማ ነው። «ኦን» እንደበራ ሞጁሉ ወድቆ ሊነሣ ይችላል። እዚህ ላይ የሚታመነው የሞጁሉ የራሱ መብራት ነው፦ ኔትወርክ ሲፈልግ በ0.8 ሰከንድ፣ ካገኘ በኋላ በ3 ሰከንድ ልዩነት ብልጭ ይላል። ወደ 3 ሰከንድ ደርሶ እየተመለሰ ወደ 0.8 የሚወርድ ከሆነ፣ ኔትወርኩን ከመውቀስ በፊት የኃይል ምንጩን መለካት ይገባል።

ይህን መሣሪያ እኔ ብሠራው ፒን 13ን ለሜሞሪ ካርዱ ትቼ የራሴን ጠቋሚ ፒን 7 ላይ አስራለሁ። በ330 ኦም ሪዚስተር 2 ቮልት የሚወስድ ቀይ ኤልኢዲ 9 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባል፤ ለነባሩ ኡኖ ይህ ምንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኡኖ አር4 ግን መልኩና ቀዳዳው ያው ሆኖ ሳለ በአንድ ፒን የሚፈቅደው 8 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ኪሎኦም እመርጣለሁ፤ መብራቱ ቢደበዝዝም በሁለቱም ላይ 3 ሚሊአምፔር ብቻ ይስባል።