የተደበቀው ልጅና የእናቶች ሣጥን

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

ምስጋና ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ ያለበት ቤት ከመካከላችን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። ዓይን ለዓይን አይመለከትም። አንዱን ዕቃ ይዞ ሲያሽከረክር ይውላል። የቡና ሙቀጫ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል። እናቱ «ትንሽ አሞት ነው» ብላ በሩን ትዘጋለች። ጎረቤትም አይቶ እንዳላየ ሆኖ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል።

በዛሬው ዝግጅታችን ስለዚህ ልጅና ስለ እናቱ እናወራለን። ከዚያም ጋር የማይገናኝ የሚመስል ሌላ ጉዳይ ይዘናል፤ የቤት ገንዘብ አያያዝን። በዚህ ዘመን ለበጎ ሥራ የሚሰባሰቡ ሴቶች ስለ ኦቲዝም ማስተማርንና ቁጠባን ማለማመድን በአንድነት ሲይዙ ይታያል። «ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። መልሱን ከታሪክ እንፈልገዋለን፣ ኢንሻአላህ።

እናት የተከሰሰችበት ዘመን

ኦቲዝም ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ስሙ ግን አዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ግሩንያ ሱካሬቫ የተባለች የሶቪየት ሐኪም እንዲህ ዓይነት ጠባይ ያላቸውን ልጆች በጽሑፍ ገልጻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ ይሠራ የነበረው ዶክተር ሊዮ ካነር ስለ 11 ልጆች የጻፈው ጥናት ታተመ። ዓለም ኦቲዝምን በስሙ ያወቀው በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይሁን እንጂ ስሙ ከተገኘ በኋላ እናቶችን ክፉ ነገር ገጠማቸው። በዚያ ዘመን ከነበሩት ባለሙያዎች ብዙዎቹ «ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው» አሉ። እናቶቹንም በማቀዝቀዣ ሣጥን መሰሏቸው፤ የልባቸው ቅዝቃዜ ልጁን አደረቀው ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለው የቺካጎ ምሁር ይህንኑ አስተሳሰብ በመጽሐፍ አስፋፋው። ልጅን ከወላጆቹ ማራቅም እንደ ሕክምና ተቆጠረ። አስቡት! ሌሊቱን ሙሉ ልጇን ስታባብል ያደረች እናት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ የሚጠብቃት ክስ ነበር።

በእኛም ሰፈር ክሱ ቃሉን ቀይሮ ይሰማል። «የእርግማን ነው»፣ «እናቱ ያጠፋችው ነገር አለ»፣ «ጂን ነው» ይባላል። ባልቲሞርና አዲስ አበባ ቢራራቁም ጥፋቱን በእናት ላይ መጣል አመሳስሏቸዋል።

እናቶችና አባቶች ሲሰባሰቡ

ክሱን ያፈረሱት በአብዛኛው ወላጆች ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 በለንደን ጥቂት ወላጆች ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። ከእነርሱ መካከል ሐኪሟ ሎርና ዊንግ ነበረች፤ ልጇ ኦቲዝም ነበረባት። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያሉ ልጆች «መማር አይችሉም» ተብለው ከትምህርት ቤት ውጪ ይቀሩ ነበር። ወላጆቹ ግን ገንዘብ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቢል ኤልጋር የተባለች መምህርት የምትመራው ትምህርት ቤት በለንደን እንዲከፈት አደረጉ። ልጆቹም ተማሩ። ሎርና ዊንግ በኋላ ባካሄደቻቸው ጥናቶች ኦቲዝም በአንድ መልክ ብቻ የማይታይ፣ ከቀላል እስከ ከባድ የሚደርስ መሆኑን ለዓለም አስረዳች።

በአሜሪካም እንዲሁ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ እርሱም የኦቲዝም ልጅ አባት ነበር፣ የኦቲዝም ምንጭ በአንጎል እድገት ውስጥ እንጂ በእናት ጥፋት እንዳልሆነ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፈ። በማግስቱ ዓመት በ1965 ወላጆች አገር አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዷ ሩት ሳሊቫን ነርስና የሰባት ልጆች እናት ነበረች። እነዚህ እናቶች ደብዳቤ ጻፉ፣ የሹማምንትን በር አንኳኩ፣ ልጆቻቸው የመማር መብት እንዳላቸው አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1975 የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ እንዲማሩ የሚያዝ ሕግ በአሜሪካ ሲወጣ የእነርሱም ድካም ነበረበት። ካነር ራሱም እ.ኤ.አ. በ1969 በዚሁ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ወላጆችን ከክሱ ነጻ መሆናቸውን ነግሯቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚህ ወላጆች ያወቁትን ለሌላው አሳወቁ፤ እዚያ ላይ ግን አላቆሙም። ለቤት ኪራይ፣ ለመምህር ደመወዝ፣ ለደብዳቤና ለጉዞ የሚሆን ገንዘብ አዋጡ። ግንዛቤው መንገዱን አሳየ፤ መዋጮው ደግሞ መንገዱን አስኬደ።

ሳንቲም የሰበሰቡ ሴቶች

ሴቶች በትንሽ ገንዘብ ምን ያህል ሊሠሩ እንደሚችሉ ለማየት ከዚያው ከአሜሪካ ሌላ ታሪክ እናንሳ። ማጊ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1864 በሪችመንድ ከተማ ተወለደች። እናቷ በባርነት የኖረች፣ በኋላም የሰው ልብስ እያጠበች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ነበረች። ማጊ በልጅነቷ የታጠበውን ልብስ ለባለቤቶቹ ታደርስ ነበር። አድጋም ጥቁር አሜሪካውያን ለሕመምና ለቀብር የሚረዳዱበትን አንድ የመረዳጃ ማኅበር መራች፤ ከእኛ ዕድር ጋር የሚመሳሰል ነው። ማኅበሩ በዕዳ ተዳክሞ ነበር። እርሷ ግን ሂሳቡን አስተካክላ እ.ኤ.አ. በ1903 የማኅበሩን የቁጠባ ባንክ አስከፈተች። በአሜሪካ ባንክ ያቋቋመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት።

የባንኩ ደንበኞች ልብስ አጣቢዎችና የቤት ሠራተኞች ጭምር ነበሩ። ሳንቲም ይዘው መጡ። ለልጆችም ትንንሽ የቁጠባ ሣጥን ተሰጣቸው፤ ሲሞላ ይዘው እንዲመጡ። ባንኩ እንደ ዘመኑ ባንኮች ሁሉ በወለድ ይሠራ ስለነበር በዚህ በኩል አርአያ አናደርገውም፤ ሪባ ሐራም መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በሳንቲም መጀመር፣ ሂሳብን በግልጽ መያዝ፣ ልጅን ከትንሽነቱ ቁጠባ ማለማመድ ሙእሚን የትም ቢያገኘው ሊወስደው የሚገባ ጥበብ ነው። ማጊ ዎከር በመጨረሻ ዘመኗ መራመድ ተስኗት በተሽከርካሪ ወንበር ሆና እንኳን እስከ ሞተችበት እስከ 1934 ድረስ ሥራዋን አልተወችም።

በአገራችን የተከፈተው በር

ወደ አገራችን ስንመለስ የወ/ሮ ዘሚ የኑስን ታሪክ እናገኛለን። ወ/ሮ ዘሚ በውጭ አገር ኖረው የተመለሱ፣ በአዲስ አበባ «ኒያና» የተባለውን የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት። የሚቀበለው ትምህርት ቤት አጥተው ተንከራተቱ። እንደ ብዙዎቹ በሩን ዘግተው መቀመጥ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው በሥሩ «ጆይ» የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ልጃቸው ያለ እፍረት ተናገሩ። ልጆቹ የአማርኛን ድምፆችና ፊደሎች የሚለማመዱበትን ዘዴም አዘጋጁ። ከእርሳቸው በኋላ ሌሎች ወላጆች ነህምያ የተባለውን ማዕከል አቋቋሙ። ወ/ሮ ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 በኮቪድ ሕመም ሕይወታቸው አልፏል።

አንዲት ሴት በንግድ ሥራ ያገኙት ልምድና አቅም ለተደበቁ ልጆች በር ከፈተ። ገንዘብን በሥርዓት መያዝ ለኦቲዝም ልጅ ምን እንደሚፈይድ ከዚህ የበለጠ የቅርብ ማስረጃ አንፈልግም።

ከሙስሊሙ ዓለምም አንድ እንጨምር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን እንዲሆን ሲወስን ሐሳቡን ያቀረበችው ቀጠር ነበረች። ከጀርባውም ሸይኻ ሞዛ ቢንት ናስር ነበሩ። ቀኑ ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ ይታሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች በግምት አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። እንግዲህ በእያንዳንዱ ትልቅ መስጂድ የጁሙዓ ሰልፍ ውስጥ የዚህ ልጅ አባት ወይም አጎት ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ሁለቱ የተገናኙበት አንቀጽ

ውድ ቤተሰቦች፣ ገንዘብና ደካማው ሰው በቁርኣን ውስጥ አብረው ተነስተዋል። ሱረቱ አን-ኒሳእ በ5ኛው አንቀጽ ገንዘቡን ማስተዳደር የማይችል ሰው ንብረቱ እንዲጠበቅለት፣ ከዚያም እንዲመገብና እንዲለብስ፣ በመልካም ንግግርም እንዲናገሩት ታዟል። የዕዳ ውልን በሚያብራራው የሱረቱ አል-በቀራህ 282ኛ አንቀጽም ባለዕዳው ደካማ ወይም ራሱ ማስጻፍ የማይችል ከሆነ ወኪሉ በፍትሕ እንዲያስጽፍለት ተነግሯል። ስለዚህ የአቅመ ደካማውን ሐቅ መጠበቅና ሂሳብን መጻፍ በዲናችን ጎን ለጎን የቆሙ አማናዎች ናቸው።

ቀደምቶቻችንም ይህን በተግባር አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ705 እስከ 715 የገዛው ኸሊፋ አል-ወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ለዓይነ ስውራን መሪ፣ መራመድ ለማይችሉም አገልጋይ እንደመደበ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ የተሠራው የመንሱሪ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ክፍል ነበረው። ወጪው የሚሸፈነው ከወቅፍ ገቢ ነበር። በየዕለቱ ሰደቃ እየተለመነለት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ዘመን ባልዘለቀ። ያቆየው ገቢው አስቀድሞ የታሰበለት መሆኑ ነው።

እኛስ?

እህቶቻችን ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በየሰፈሩ ዕቁብ አለ፣ ዕድር አለ፣ በሐረር የሴቶች አፎቻ አለ። ዕቁብ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ዋስ አለው፤ ወለድ የለውም። ባንክ ለሚፈልጉም ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነጻ አገልግሎት እንዲሰጥ መመሪያ ካወጣ ወዲህ መንገዱ ተከፍቷል፤ በ2021 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ ሥራ ጀምሯል። የጎደለው ዓላማው ነው። የዕቁብ ዕጣ ለሠርግ ድግስና ለመጋረጃ ሲውል እናያለን። ከዚሁ ጎን ጥቂት ብር በየወሩ የምትገባበት፣ ሂሳቧ በደብተር የተያዘ አንዲት ሣጥን ብትኖርስ? ለአንድ ልጅ የምርመራ መጓጓዣ፣ ለአንዲት እናት የሁለት ሰዓት ዕረፍት፣ ለአንድ መምህር ሥልጠና ትሆናለች።

ግንዛቤ የሌለው ገንዘብም ይባክናል። ያልተረዳ ቤተሰብ በሬውን፣ ወርቁን ሸጦ «ከሥሩ እነቅለዋለሁ» ለሚለው ሁሉ ይከፍላል። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ልጁ በጊዜ ታውቆ፣ በትዕግሥት ሲለማመድ ግን ብዙ ይሻሻላል። ዱዓና ቁርኣን መቅራት ለማንኛውም ሙስሊም በረካ ነው፤ ልጁን መደብደብ፣ ማሰርና በጭስ ማፈን ግን ሩቅያ አይደለም፣ በደል ነው። ክትባት ያመጣዋል የሚለውም መሠረት የለውም፤ ወሬውን የቀሰቀሰው እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ የታተመ ጽሑፍ ሲሆን መጽሔቱ ራሱ በ2010 ሰርዞታል።

አባቶችንም አንርሳ። ብዙ ጊዜ እናት ከልጁ ጋር ጓዳ ስትዘጋ አባት ከሁለቱም ይሸሻል። የዚህ ልጅ ወጪ የአንድ ዓመት አይደለም፤ እኛ ካለፍንም በኋላ ይቀጥላል። ዛሬ የቤቱን ገቢና ወጪ አብረው ያልጻፉ ባልና ሚስት ነገ ልጁን ለማን ይተዉታል? ወንድሞቹስ አደራውን ሳያውቁት እንዴት ይረከባሉ?

ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ልጇን ወደ ጓዳ የምትልክ ጎረቤት ካለቻችሁ «ልጁም ይምጣ፣ አብረን እንጠጣ» በሏት። ጆሮውን ከያዘ ሙቀጫውን ራቅ አድርጉለት። ቡናው ሲያበቃም ስለ ሣጥኗ ጉዳይ ተመካከሩ።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ለታገሡት እናቶች አጅራቸውን ያብዛላቸው። ገንዘባችንን ሐላል፣ አያያዛችንንም አማና ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።