ድንጋዩ ቀረ፣ አለላው ጠፋ

ቤት ተከራይተን ስንገባ ከፍራሽ ቀጥሎ የሚያሳስበን ግድግዳው ነው። አንዷ ጓደኛችን መሶብ ትሰቅላለች፤ ሌላው የፕላስቲክ አበባ ጥግ ላይ ያቆማል። "ዲኮር" የሚለው ቃል አዲስ ቢሆንም ቤትን በዕቃ ማስዋብ ግን የቆየ ነገር ነው። እስኪ ለዚህ ወደ ይፋት ቆላ እንውረድ።

ወደ ደሴ ስንጓዝ ደብረ ሲናን አልፈን የምናገኛትን ሸዋ ሮቢትን ብዙዎቻችን የምናውቃት በሙቀቷ ነው። ይህ የቀወት አካባቢ ግን ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወላስማዎች የገዙት የይፋት ሱልጣኔት አካል ነበር። ሱልጣኔቱ ሸዋን ከዘይላ ወደብ በሚያገናኘው የንግድ መንገድ ላይ ተቀምጦ ከብሯል። እ.ኤ.አ. በ1332 ከአጼ አምደ ጽዮን ጋር የተዋጋውም አንዱ ምክንያት ይኸው መንገድ ነው።

የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ የሦስት ከተሞችን ፍርስራሽ አስተዋውቀዋል፤ አስበሪ፣ ኖራና መሳል። የመስጊድ ግድግዳ አለ፤ የቤት ግድግዳ አለ፤ መቃብር አለ። በእነዚያ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ግን የለም። ሣር ይበሰብሳል፣ ጥጥ ይበላል፣ እንጨት ምስጥ ይጨርሰዋል። ለታሪክ የሚተርፈው ድንጋይ፣ የሸክላ ስባሪና የብርጭቆ ዶቃ ነው።

ከዘመናት በኋላም በይፋት በኩል ዕቃ ማለፉ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከታጁራ ተነስቶ፣ በአልዩ አምባ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወጣ። ካቀረበው ገጸ በረከት ውስጥ 300 ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን አዳራሹን የሚሸፍን ምንጣፍ፣ የካሽሚር ሻልና የሚደንሱ የቻይና አሻንጉሊቶች ነበሩ። ይህን ሁሉ የምናውቀው ሃሪስ ስለጻፈው ነው። በዚያው ዘመን በየጓዳው አለላ ነክራ ሙዳይ የሰፋችውን ሴት ስም ግን ማን ጻፈው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በእናቶቻችን ቤት ሰፌዱ፣ አገልግሉና ሙዳዩ ኩላብ ላይ የሚሰቀሉት ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ሰፌዱ ሲያስፈልግ ወርዶ እህል ያበጥራል፤ አገልግሉ መንገደኛ ይሸኛል። ስንደዶው፣ አክርማውና አለላው ተመርጦ፣ ተነክሮ፣ በወስፌ ተሰፍቶ ነው እዚያ የደረሰው። ሐረር ብንሄድም እንዲሁ ነው፤ የሐረሪ ቤት ግድግዳ በሳህንና በስፌት ይሞላል፤ በበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ደግሞ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ይናገራል። ዕቃው ቋንቋ ነው ማለት ነው።

እኛ ዛሬ መሶቡን ሰቅለን ቋንቋውን እየረሳን ነው። ከሱቅ ገዝቶ መስቀሉን አንቃወምም፤ የይፋት ነጋዴም ከሩቅ የመጣ ዕቃ ይወድ ነበር። የሚያሳዝነው ከእናት ወይም ከአያት የመጣ ሙዳይ ቤታችን ተቀምጦ ማን እንደሰፋው፣ ጥለቱ ምን እንደሚባል አለማወቃችን ነው። ሣሩ እንደሆነ አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ለበዓል ቤተሰብ ዘንድ ስትሄዱ ከዶሮው በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ "ይሄን ማን ሰፋው?" መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ከሙዳዩ ውስጥ አስቀምጡ። የኖራና የአስበሪ ሰዎች ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ወረቀቱም በበሰበሰ ነበር ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛ ግን ገልብጠን ማስቀመጥ እንችላለን።