ፈረንሳይኛና ንግድ በአዲስ አበባ

ፈረንሳይኛ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስከ ጣልያን ወረራ (1928 ዓ.ም.) ድረስ በአዲስ አበባ፣ በተለይም በአራዳ፣ ዋነኛ የውጭ ንግድ ቋንቋ ነበር። ኢትዮጵያ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሆና አታውቅም፤ የፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ማኅበር (ፍራንኮፎኒ) አባልም አይደለችም። ቋንቋው የገባው በባቡርና በወደብ ምክንያት ነው።

ባቡሩ

ዳግማዊ ምኒልክ ከጅቡቲ የሚነሣውን የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ኩባንያው የፈረንሳይ ስለነበረ የሥራ ቋንቋውም ፈረንሳይኛ ሆነ። «ለገሃር» የሚለው የሰፈር ስም «ላ ጋር» (ጣቢያው) ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። በዘመኑ የኢትዮጵያ ቴምብሮችም ላይ ከአማርኛው ጎን ፈረንሳይኛ ይጻፍ ነበር።

አራዳ

የከተማዋ ትልቁ ገበያ ጣልያኖች ወደ መርካቶ እስኪያዛውሩት ድረስ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በአራዳ ነበር። በዙሪያው ሱቅ ከከፈቱት የውጭ ሰዎች ብዙዎቹ አርመኖች፣ ግሪኮችና ሕንዶች ነበሩ። ፈረንሳይኛ ለአብዛኞቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ባይሆንም ከባቡር ኩባንያውና እርስ በርስ መግባቢያ ሆናቸው። በ1908 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ያስተምር ነበር። ቋንቋውን ያወቀ ወጣት በአስተርጓሚነት ወይም በጸሐፊነት ሥራ የማግኘት ዕድል ነበረው። ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማዋ «ለ ኩሪዬ ዴትዮፒ» የተባለ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ይታተም ነበር።

የቋንቋው ወሰን

ጥር 1 ቀን 1900 ዓ.ም. (1908 እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያና ፈረንሳይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በአብዛኛው ዕቃ ላይ ቀረጡ ከዋጋው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ነገር ግን ሌሎች አገሮችም በየውላቸው ተመሳሳይ መብት ስለነበራቸው ተጠቃሚዋ ፈረንሳይ ብቻ አልነበረችም። ለብዙ ጊዜ በገበያው የታወቀው አቡጀዲ የአሜሪካ ጨርቅ ነበር፤ በኋላም የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ያዘ። ሁለቱም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች አይደሉም። ስለዚህ ቋንቋው የመጓጓዣውንና የደብዳቤውን ሥራ ቢያቀልም፣ ገዢው የሚመርጠውን ዕቃ አልወሰነም።

ጥናት

በአጠቃላይ የጋራ ቋንቋ ንግድን እንደሚያግዝ የምጣኔ ሀብት ጥናቶች ያሳያሉ። ፒተር ኤገርና አንድሪያ ላስማን በ2012 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ባወጡት ጽሑፍ፣ የጋራ ቋንቋ በሁለት አገሮች መካከል ያለውን ንግድ በአማካይ በ44 በመቶ እንደሚያሳድግ ገምተዋል። ዣክ ሜሊትዝና ፋሪድ ቱባል ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት የሥራ ቋንቋ ባሻገር ሰዎች የሚናገሩት ቋንቋና ትርጉምም የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አሳይተዋል። የአራዳ ነጋዴዎች ጉዳይ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ፈረንሳይኛ የአገሪቱ የመንግሥት ቋንቋ ሳይሆን ያገለገላቸው ስለሚናገሩት ነው።

ከ1941 እ.ኤ.አ. ወዲህ

ከነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ በከፍተኛ ትምህርት የፈረንሳይኛን ቦታ ወሰደ። በ1947 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሊሴ ገብረ ማርያም ግን እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛ ያስተምራል። ከ1998 እ.ኤ.አ. የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በአብዛኛው የሚያልፈው ፈረንሳይኛና ዓረብኛ የመንግሥት ቋንቋዎቿ በሆኑት በጅቡቲ ነው።